ድራይ፣ ጋን፣ ደረቅ

«ሺሾንግ፣ ፕሮፌሰሩ ሰድበውኛል» የሚል መልእክት በዊቻት ደረሰኝ። ከሥሩ የሚያለቅሱ ፊቶች ተደርድረዋል።

ቲያንጂን ነበርኩ፤ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ። ሺሾንግ ማለት በትምህርት የቀደመ ታላቅ ወንድም እንደ ማለት ነው። ቻይናውያን ተማሪዎች በአንድ አማካሪ ሥር ያለ ቀዳሚያቸውን እንዲህ ይጠሩታል። እኔም ልጅቷን ሺሜይ እላት ነበር፤ ታናሽ እህት። እዚህም በዚሁ ልጥራት።

የተማሪዎች ምግብ ቤት ስደርስ ኑድሏን ሳትነካ ስልኳ ላይ አፍጥጣለች። ስኮትላንድ ሄዳ ለመማር እያመለከተች ነበር። የድጋፍ ደብዳቤ የጻፉላት በዕድሜ የገፉ እንግሊዛዊ መምህር ናቸው። ቅጂውን ለእሷም ልከውላታል። ታታሪ ናት ይላል። ጥንቁቅ ናት ይላል። ቀጥሎ ደግሞ ቀልዷ «ድራይ» ነው ይላል።

የስልኳ መዝገበ ቃላት ለ«ድራይ» ብዙ ትርጉም ደርድሮላታል። ከነዚያ ውስጥ ለሰው ጨዋታ የሚሆን የመሰላት አንዱ ብቻ ነው፤ «ኩዛኦ»። አሰልቺ፣ ለዛ ቢስ ማለት ነው። «ምን አድርጌያቸው ነው ዩኒቨርሲቲ በሚላክ ደብዳቤ ላይ ለዛ ቢስ ናት የሚሉኝ?» አለች።

ሳቅሁ። ሳቄ ይበልጥ አናደዳት።

ነገሩ ተቃራኒው ነው። እንግሊዞች የሰውን ቀልድ «ድራይ» ካሉት አመስግነውታል። ሳይስቅ የሚያስቅ ሰው ታውቃላችሁ አይደል? ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ ድምፁን ሳይቀይር አንድ ነገር ጣል ያደርጋል። ሌላው ሆዱን ይዞ ሲንፈራፈር እሱ ሻዩን ያማስላል። ያ ነው ድራይ ቀልድ። ይህን ስነግራት ሺሜይ ጭራሽ ግራ ገባት። «እኔ መቼ ቀልጄ አውቃለሁ?» አለች። እውነቷን ነው። ሳውቃት ከአፏ ቀልድ ወጥቶ አልሰማሁም። ሰውዬው ከየት አመጡት?

ቀስ እያለ ወሬው ወጣ። ከሦስት ሳምንት በፊት ከእኚሁ መምህር ክፍል ስትወጣ ልታመሰግናቸው ፈልጋ ነበር። ጠጋ አለች፣ ጎንበስ አለች፣ «ፕሮፌሰር፣ የዛሬው ትምህርትዎ በጣም ድራይ ነበር» አለቻቸው። እሳቸውም ትንሽ ዝም ብለው፣ ፊታቸው ላይ ምንም ሳይታይ፣ «ለሚቀጥለው ውሃ ይዤ እመጣለሁ» አሏትና ሄዱ። በሚቀጥለው ሳምንት በእርግጥም አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዘው ገቡ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወደ እሷ እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሺሜይ የመሰላት መምህሩን ጉሮሯቸውን እንዳመማቸው ነው።

እዚህ ላይ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ሺሜይ የተናገረችው ንጹሕ ምስጋና ነበር፤ ግን በቻይንኛ። የቻይና ኢንተርኔት ላይ «ጋንሁዎ» የሚባል ቃል አለ። ቃል በቃል ደረቅ ዕቃ ነው። እንደ ደረቀ እንጉዳይ፣ እንደ ደረቀ ሽሪምፕ ያለ ገበያ ላይ የሚሸጥ ነገር። አንድ ንግግር ወይም ጽሑፍ ቁም ነገር ብቻ ሲሆንላቸው «ሁሉም ጋንሁዎ ነው» ይላሉ። ውሃው ተንጠፍጥፎ ፍሬው ቀርቷል ማለታቸው ነው። እንዲሁ ለመሙላት ያህል የተለፈፈውን ደግሞ ውሃ ነው ይሉታል። እኛም ለዛ ያጣ ነገር «ውሃ ውሃ ይላል» እንል የለ? በእንግሊዝኛ ግን ትምህርትን ድራይ ማለት እንቅልፍ አስያዘኝ ማለት ነው። ልጅቷ ፊቷን ሳትቀይር፣ ጎንበስ ብላ፣ አንድ አዛውንት ፕሮፌሰርን «አሰለቹኝ» አለቻቸው። እሳቸውም ይህን የመሰለ ደፋር ቀልድ ከቻይናዊት ተማሪ ሰምተው ስለማያውቁ ልባቸው ተነካ። ደብዳቤው ላይ ጻፉት።

እሷ ስታመሰግን እሳቸው ቀልድ ሰሙ። እሳቸው ሲያመሰግኑ እሷ ስድብ አነበበች። ሁለቱም ጊዜ ጥፋተኛው ያው አንድ ቃል ነው።

በዚያ ዘመን ማታ ማታ ለአምስት ስድስት ቻይናውያን ተማሪዎች እንግሊዝኛ አስጠና ነበር። ክፍያዬ ብዙ ጊዜ እራት ነው። እንግሊዝኛ የኔም የአፍ መፍቻ ቋንቋ አይደለም። ምናልባት የተስማማነው በዚህ ይሆናል፤ የት ላይ እንደሚያደናቅፍ እኔንም አደናቅፎኝ አውቀዋለሁ። እነሱ ቃልን የሚያጠኑት በሽምደዳ ነው። በቻይንኛ ጀርባ፣ በጀርባ መሸከም እና መሸምደድ የሚጻፉት በአንድ ፊደል ነው። የልጆቹን የቃላት መጽሐፍ ውፍረት ያየ ፊደሉ ለምን አንድ እንደሆነ ይገባዋል። ከ1987 ጀምሮ የሚሰጥ ደረጃ አራት የሚባል የኮሌጅ እንግሊዝኛ ፈተና አላቸው፤ ከእሱ በላይ ደረጃ ስድስት አለ። ለነዚህ የሚዘጋጁ መጻሕፍት ብዙዎቹ በፊደል ተራ ስለሆኑ ከመጀመሪያዎቹ ቃላት አንዱ «አባንደን» ነው፤ ጥሎ መሄድ፣ መተው። ከቻይና ተማሪዎች የታወቁ ቀልዶች አንዱ ይኸው ነው። መጽሐፉን ይከፍታሉ፣ «ተወው» የሚለውን ቃል ያነባሉ፣ ይተዉታል።

በነዚህ መጻሕፍት ላይ ያለኝ ቅሬታ ውፍረታቸው አይደለም። ከእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል ጎን ሁለት ሦስት የቻይንኛ ቃል ይደረደራል፤ አለቀ። ተማሪው ሦስቱን ይሸመድዳል። ሦስቱ ግን ለምን በአንድ ቃል ሥር እንደተሰበሰቡ ማንም አይነግረውም። ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ መታወቂያ ሲንቀሳቀሱ ማለት ነው።

የሺሜይ ነገር ከተከሰተ በኋላ አንድ ማታ ሙሉ ስለ «ድራይ» ብቻ አወራን። ያነሣሣን ወይን ጠጅ ነው። ቲያንጂን የ«ዳይናስቲ» ወይን ከተማ ናት፤ በ1980 ከፈረንሳይ ኩባንያ ጋር በሽርክና የተቋቋመ ነው። ከልጆቹ አንዱ አንድ ጠርሙስ ይዞ መጣ። ጠርሙሱ ላይ «ጋንሆንግ» ይላል፤ ደረቅ ቀይ። ቻይና ውስጥ ይህን ቃል የማያውቅ ጠጪ የለም። ያም ሆኖ ጠርሙሱን ያመጣው ልጅ ራሱ ቀና ብሎ፣ «ለመሆኑ ፈሳሽ እንዴት ደረቅ ይሆናል?» ሲል ጠየቀኝ። ዕድሜውን ሙሉ ሲጠጣው አንድም ቀን አስቦበት አያውቅም። ልፍረድበት? እኔም አዲስ አበባ ተቀምጬ «ጉደር ድራይ ነው፣ አክሱማይት ጣፋጭ ነው» እያልኩ ሳዝ ጠይቄ አላውቅም።

መልሱ ስኳር ነው። እርሾው የወይኑን ስኳር በልቶ ሲጨርሰው ጣፋጭነቱ ይጠፋል፤ ያኔ ወይኑ ድራይ ይባላል። ይህን ስነግራቸው አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። እንግሊዝኛው «ድራይ» ሲል ውሃ ስለሌለው ነገር ብቻ አያወራም። እዚያ ቦታ ይጠበቅ የነበረ አንድ የሚያርስ ነገር ቀርቷል ማለቱ ነው። ስለዚህ «ምን ማለት ነው?» ከማለት «ምን ጎደለው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ጨዋታ ሆነ። ድራይ ቶስት፣ ምን ጎደለው? ቅቤ። ድራይ ላም? ወተት፤ እኛ የነጠፈች የምንላት። ልብስ በድራይ ክሊኒንግ ሲታጠብ? ውሃ። ይህኛው ያከራክራል። ልብሱ እኮ በኬሚካል ይርሳል፤ ውስጡ ገብቶ ያየ ሰው ደረቅ አይለውም። የቀረው ውሃው ብቻ ነው። ድራይ አይስ? በረዶ ሲሟሟ የሚተወው ውሃ ነው የጎደለው፤ የጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ጋዝነት ይሄዳል። ቻይንኛ እነዚህን ሁለቱን እንዳሉ ገልብጦ ወስዷቸዋል። ጋንሺ፣ ደረቅ እጥበት። ጋንቢንግ፣ ደረቅ በረዶ።

«ድራይ» የተባለ ከተማ ሲመጣ ግን ሁሉም ተሳሳቱ። በረሃ፣ ዝናብ አጠር አሉ። የጎደለው መጠጥ ነው። አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 አልኮል መሸጥ ስትከለክል አገሩ በሙሉ ድራይ ተባለ። ዛሬም ድራይ የሚባሉ አውራጃዎች አሉ። ጃክ ዳንኤልስ ውስኪ የሚመረተው ራሱ ቴኔሲ ውስጥ በእንዲህ ዓይነት አውራጃ ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ብርጭቋቸውን አንሥተው «ጋንበይ!» አሉ። ጋንበይ ጽዋውን አድርቀው ማለት ነው። እኛ ጨልጠው የምንለው።

ከዚያ ወደ ሺሜይ ደብዳቤ ተመለስን። ድራይ ቀልድ ምን ጎደለው? ሺሜይ ራሷ መለሰች፤ «ሳቅ»። የተናጋሪው ሳቅ። ፈገግታው፣ ጥቅሻው፣ «አሁን ቀልድ ነው የምናገረው» የሚለው ምልክት ሁሉ። ቻይንኛ ለዚህ ቃል አለው፤ ቀዝቃዛ ቀልድ ይሉታል። እንግሊዞቹ ያደረቁትን እነሱ አቀዘቀዙት። መዝገበ ቃላቷ ይህን ቢሰጣት ኖሮ ኑድሏ ባልቀዘቀዘ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሹክ ልበላችሁ። «ሂዩመር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን መነሻው እርጥበት፣ ፈሳሽ ማለት ነበር። የጥንት ሐኪሞች የሰው ጠባይ የሚወሰነው ሰውነቱ ውስጥ ባሉት ፈሳሾች ነው ይሉ ነበር፤ ቃሉ ከዚያ ተነሥቶ ጠባይ፣ ከጠባይም ቀልድ ሆነ። ስለዚህ ድራይ ሂዩመር ሥሩ ሲታይ ደረቅ እርጥበት ነው። የቻይንኛው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሊን ዩታንግ የሚባለው ጸሐፊ በ1924 ይህን ቃል ለቻይንኛ ሲያውስ ድምፁን ተከትሎ «ዮሞ» አለው። የመረጣቸው ሁለት ፊደሎች ግን የራሳቸው ትርጉም አላቸው። የመጀመሪያው ጭር ያለ፣ ሁለተኛው ዝምታ። ቀልድን ዝምታ ብሎ የሚጽፍ ሕዝብ ድራይ ቀልድ እንዴት ይከብደዋል?

ስለ ፊደላቸው ካነሣሁ «ጋን»ን ላስተዋውቃችሁ። እኛ ቤት ጋን ጠላ የሚሞላበት ነው፤ ደርቆ ከተገኘ ድግሱ አልቋል። በቻይንኛ ግን ጋን ራሱ ደረቅ ነው። አጻጻፉ የእኛን «ቸ» ይመስላል፤ ቸ ብላችሁ ብታነቡት አልፈርድባችሁም። የቻይና መንግሥት በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ፊደሉን ሲያቀል ብዙ ጭረት ያላቸውን የድሮ ፊደሎች በዚህች በሦስት ጭረት ተካቸው። አንደኛው በከፍተኛ ዝርግ ድምፅ የሚነበበው «ደረቅ» ነው። ሌላው ወደ ታች በሚወርድ ድምፅ የሚነበበው «መሥራት» ነው። እሱ ደግሞ በመንገድ ቋንቋ እዚህ የማልጽፈው ትርጉም አለው። የትርጉም ሶፍትዌር ሁለቱን ሲያምታታ የሱፐርማርኬቶች የደረቅ ዕቃ ክፍል በእንግሊዝኛ ጸያፍ ስድብ ተለጥፎበት ቁጭ አለ። ፎቶው ዓለምን ዞሯል። ለ2008ቱ ኦሊምፒክ ቤጂንግ የተሳሳቱ ምልክቶቿን ስታርም ከርማለች።

አማርኛ የሚያነብ ሰው በዚህ ብዙ መሳቅ የለበትም። «አለ» ብዬ ብጽፍ ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? «ገና» በዓሉ ነው ወይስ ጊዜው አልደረሰም? ላልቶና ጠብቆ የሚነበበውን ፊደላችን አይለይም። እኛ ከዙሪያው እንለያለን። እነሱም እንዲሁ።

ቀጥሎ የመጣው ቃል የኔን ሆድ ነካ። ቻይና የኖረ ሐበሻ ላኦጋንማን ያውቃታል። የበርበሬ ስልስ የተሞላች የብርጭቆ ዕቃ ናት፤ ላይዋ ላይ የአንዲት ኮስታራ እናት ፎቶ አለ። አዋዜ በናፈቀኝ ጊዜ ሁሉ ያስታመመችኝ እሷ ናት። አንድ ቀን ስሟን ፊደል በፊደል ላንብብ ብዬ ስሞክር «አሮጊት ደረቅ እናት» ሆነብኝ። ምን ዓይነት ስም ነው? ልጆቹ አስረዱኝ። ደረቅ እናት ማለት ሳትወልድህ እናት የሆነችህ ናት፤ እኛ የክርስትና እናት እንደምንለው፣ ሃይማኖቱ ሳይኖርበት። ደረቅ አባትም፣ ደረቅ ወንድምም አለ። «ምን ጎደለው?» አልኳቸው፣ የራሴን ጥያቄ። «ደም» አለ አንዱ ወዲያው።

እኛ ለዚሁ ዝምድና የሄድንበት መንገድ ተቃራኒ መሆኑ አሁንም ይገርመኛል። ያልወለድነውን ልጅ ስንቀበል የጡት ልጅ እንላለን። አሳዳጊውም ወንድ ሆኖ ሳለ የጡት አባት ይባላል። የጎደለውን በቃል እናርሰዋለን። እነሱ የጎደለውን በስሙ ጠርተው፣ ደረቅ ብለው፣ ከዚያ እንደ እናት ይወዷታል።

ከዚህ በኋላ አስተማሪው ተማሪ ሆነ። «በእናንተ ቋንቋስ?» አሉኝ። እንደ ቀላል ነገር ጀመርኩ። ደረቅ እንጀራ፣ ወጥ የሌለው። ደረቅ ወደብ፤ ባሕር የለውም፣ መርከብ አይቆምበትም፣ ሞጆ ላይ ኮንቴይነር ተደርድሮበት ወደብ ይባላል። ይህን ማመን አቃታቸው፤ በኋላ ቻይናም እንዳለ አንዱ ከስልኩ አገኘ። ደረቅ ቼክ ደግሞ ባንክ ሲሄዱበት ገንዘብ የሌለው። የሕጉ አማርኛ ይህን «በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ» ይለዋል፤ ስንቅ የሚለውን ቃል ሳብራራ ሺሜይ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ዓይነ ደረቅ፣ ሀፍረት የሌለው። ለእንግሊዞች ዓይኑ የደረቀ ሰው ያላለቀሰ ሰው ነው፤ ለእኛ ያላፈረ ነው። እፍረትም እንደ እንባ ዓይን ውስጥ የሚቀመጥ እርጥብ ነገር መሆኑን ያወቅሁት ያን ማታ ነው።

«በደረቁ ላጨኝ» ያልኳቸው ጊዜ ሁሉም ባንድ ላይ ጮኹ። አታሎ ገንዘቤን በላ ማለት መሆኑን ሳልነግራቸው ገብቷቸዋል። ቻይንኛም ጋንን ከግሥ በፊት እያስገባ እንዲሁ ይጫወትበታል። ደርቆ መጠበቅ፣ የማይመጣን ሰው መጠበቅ ነው። ደርቆ መጨነቅ፣ ምንም ማድረግ ሳይችሉ መጨነቅ። ደርቆ መሳቅ፣ እኛ ከአንገት በላይ የምንለው ሳቅ። ከእንግሊዝኛው ይልቅ እዚህ ላይ የእኛና የእነሱ ቃል ይበልጥ ይቀራረባል። ማንም ከማንም ሳይቀዳ።

ቁልፉ ግን ሁሉንም በር አልከፈተም። ደረቅ ሰው አልኳቸው፤ ግትር፣ ሐሳቡን የማይለውጥ። ምን ጎደለው ሲሉኝ ትንሽ ካሰብኩ በኋላ «አይታጠፍም፤ እንደ ደረቀ እንጨት ነው» አልኩ። ተቀበሉኝ፣ ግን ሳይጥማቸው ነው። ለዚህ ነው እንዲህ ያለውን ዘዴ እንደ ሕግ የሚያስተምሩ ሰዎች የሚያስፈሩኝ። በር ለማንኳኳት ይጠቅማል። ከውስጥ ማን እንደሚወጣ ግን ቃሉ ነው የሚያውቀው።

ሺሜይ ለፕሮፌሰሩ እውነቱን ነገረቻቸው? ጠይቄያታለሁ። «ምን ብዬ?» አለችኝ። «ቀልድ አልነበረም ልበላቸው? ትምህርትዎ እውነት አሰልችቶኛል ብለው ቢረዱትስ?» ዝም አለች፤ ደብዳቤው እንዳለ ሄደ። የመጨረሻው ክፍል ቀን ግን አንድ ጠርሙስ ውሃ ገዝታ፣ ምንም ሳትናገር፣ ፊቷን ኮስተር አድርጋ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጣላቸዋለች። እሳቸውም ምንም ሳይናገሩ ከፍተው ጠጡ።

አሁን እሷ ስኮትላንድ ናት፣ እኔ አዲስ አበባ። አልፎ አልፎ የቃል ጥያቄ ትልክልኛለች። ባለፈው የእኔኑ አማርኛ ይዛ መጣች። ከዓመታት በፊት «በደረቅ ሌሊት አትደውዪልኝ» ብዬ እንደ ቀልድ አስተምሬያት ነበር። «ሺሾንግ፣ ደረቅ ሌሊት ምን ጎደለው?» ይላል መልእክቷ።

አሰብኩ። ጤዛ? ዝናብ? እንቅልፍ? ሌሊት መቼ እርጥብ ነበርና ነው የሚደርቀው? መልስ ሳጣ ወደ ጓዳ ገባሁ። እናቴ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች።

«እማዬ፣ ደረቅ ሌሊት የሚባለው ምን ጎድሎት ነው?»

ቀና አላለችም። አንድ ጠጠር አንሥታ ወደ ጎን ጣለች።

«ሰው ነዋ» አለች።